አራት ቀዳዳ ያለው መረጃ ሰጪ

ጥቅምት 6 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ዛሬ ጥቅምት 6 ነው፤ ይህን ደብዳቤ መጻፍ የነበረብኝ ግን ጥቅምት 2 ነበር። አራት ቀን ያዘገየሁት ፈርቼ ነው። አንድ ነገር ሳላበላሽ አልቀረሁም መሰለኝ።

ሰላምታ ሳላቀርብ ወደ ጥፋቴ በመሄዴ ይቅርታ። እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ደህና ነን። አያቴም ከጉልበቷ በስተቀር ደህና ናት። «እጁን ያፍታታለት፣ ያሰበውን ይሙላለት» ብላ እንድጽፍልዎ አዝዛኛለች።

የላኩልኝን አርባ ሁለት ገጽ የእጅ ጽሑፍ፣ በምሠራበት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተይቤ ጨርሻለሁ። አሠሪዬ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት በኮምፒውተሩ እንድጠቀም ፈቅዳልኛለች። «አንዲት ፊደል እንዳትጨምሪ፣ አንዲት ፊደል እንዳትቀንሺ» ስላሉኝ፣ የተሳሳተ የመሰለኝን እንኳን እንዳለ ነው የጻፍኩት።

ከዚያ የመጨረሻው ትእዛዝዎ ላይ ደረስኩ። የጥናት መጽሔቱ መመሪያ የጸሐፊውም የተናጋሪዎቹም ማንነት እንዳይታወቅ ስለሚል፣ አያቴን የሰፈሩ ሰው በሚጠራት ቅጽል ስም «ቁልፍ» ብለው የጻፉትን ሁሉ «መረጃ ሰጪ አንድ» በሚል እንድተካው አዘዙኝ። «ኮምፒውተሩ ባንዴ ይሠራልሻል፣ አንቺ አትልፊ» ብለዋል። እውነትም አልለፋሁም። አንድ ጊዜ ስጫነው «ሁለት መቶ አሥራ አራት ቦታ ተተክቷል» አለኝ። አያቴ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ያን ያህል ጊዜ በመጠራቷ ኮራሁ።

ሳትመው ግን ዓይኔ ገጽ 7 ላይ ዐረፈ። «በድሮ ካፖርት ላይ አራት ቀዳዳ ያለው መረጃ ሰጪ አንድ ይሰፋ ነበር» ይላል። ገጽ 19 ላይ ደግሞ «ልብስ ሰፊው ሱቁን በመረጃ ሰጪ አንድ ቆልፎ ይሄዳል» ይላል። መጀመሪያ የተማረ ሰው አጻጻፍ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ ነኝ፣ ምን አውቄ። ለአሠሪዬ ሳሳያት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። «ይኼ ሰውዬ እናቱን ካፖርት ላይ ሰፋት እኮ» አለች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ያም ሆኖ አላስተካከልኩትም። አንዲት ፊደል እንዳትነኪ ብለውኛላ። እንዳለ ልኬልዎታለሁ።

አያቴ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላለች። መቼ ነው የሚመጣው ትላለች።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 29 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ክፉ አይንካሽ። ምርቃቱን ቶሎ የጨረስኩት ወደሚቀጥለው ስገባ ምርቃት እንደሚጠፋኝ ስለማውቅ ነው።

ፖስታሽን ሥራ ቦታ፣ ባልደረባዬ ፊት ከፈትኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከአኅጽሮተ ጥናቱ ሥር፣ «ቁልፍ ቃላት» መባል ያለበት «መረጃ ሰጪ አንድ ቃላት» ይላል። ቁልፍ ቃላት ማለት፣ ልጄ፣ ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ የሚጠቁሙ አምስት ስድስት ቃላት ናቸው። የሰው ስም አይደለም። ዝቅ ስል «የዚህ ጥናት መረጃ ሰጪ አንድ ጥያቄ» ይላል። ገጽ 23 ላይ እናቴ ተበጥሳ ወደቀች። ገጽ 24 ላይ ከመሬት አንሥተው በጥቁር ክር መልሰው ሰፏት።

ጥፋቱ ያንቺ ብቻ ነው አልልም። አርባ ዓመት ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ቁልፍ በጥርሷ ይዛ ስላዩዋት ቁልፍ ብለው ስም ያወጡላት ሰዎችም ይጠየቁ። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ካፖርት ላይ መረጃ ሰጪ ተሰፍቶ ስታዪ እጅሽ እንዴት አልተንቀጠቀጠም? አትንኪ ማለትና አታስቢ ማለት አንድ ነው?

አሁን በጥሞና አንብቢ። ሁለት መቶ አሥራ አራቱንም አንድ በአንድ ታዪያለሽ። የልብስ ቁልፍ ከሆነ ቁልፍ ትያለሽ። የበር ከሆነ ቁልፍ ትያለሽ። ዋና ለማለት ከሆነ ቁልፍ ትያለሽ። እማዬ ከሆነች ብቻ መረጃ ሰጪ አንድ ትያለሽ። ከዚያ ሦስት ቅጂ አትመሽ፣ ኅዳጉን በአራቱም በኩል ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር አድርገሽ፣ ለመጽሔቱ ቢሮ በእጅሽ ታስረክቢያለሽ። ጥር 30 መቀበያው ይዘጋል። አንቺን ማስቸገሬ ቢሮው እናንተ ከተማ ስለሆነና የዚህ አገር ኮምፒውተር ፊደላችንን ስለማያውቅ ነው። በስልክ እንዳላስረዳሽ፣ በስልክ የምትመልሺልኝ «እሺ» ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ ተቀባይነት ካላገኘ የመምህርነት ውሌ በሐምሌ አይታደስም። ይህን ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ሳሚልኝ።

አጎትሽ


ኅዳር 21 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

በያሉበት ሰላም ይብዛልዎት። እጄ ስላልተንቀጠቀጠ ይቅርታ። አሁን ይንቀጠቀጣል።

እንዳሉኝ አንድ በአንድ እያየሁ ነው። ብቻዬን ስለከበደኝ ከሥራ መልስ ገጾቹን ለአያቴ እያነበብኩላት ነው። መስኮቱ ሥር ትቀመጥና ትፈርዳለች። «ይቺ እኔ ነኝ። ይኼ የኮት ነው። ይኼ የበር ነው። ይኼ ደግሞ የሱ ወሬ ነው፣ እለፊው» ትላለች። «አዝራር» ብለው ቢጽፉት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ስላት፣ «አዝራር የሚለው መጽሐፍ ነው፤ እኛ ቁልፍ ነው የምንለው» አለችኝ። በስድስት ቀን ሃምሳውን ለየን። ደስ ብሏት ነበር። ልጇ የጻፈውን ሰምታ አታውቅማ።

ገጽ 11 ላይ ስንደርስ ግን ነገር መጣ። እርስዎ የጻፉትን እንዳለ አነበብኩላት፦ «መረጃ ሰጪ አንድ ‹እንግዳውን ሳይመሽ እናወጣዋለን› ስትል ገልጻለች። ይህም ልብስ ሰፊዎቹ አዲስ መጤን ወደ መሐላቸው እንደማያስጠጉ፣ ከመምሸቱም በፊት ከሰፈሩ እንደሚያባርሩ ያሳያል።»

«እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት።

«ማንን ነው ያባረርነው?»

«እንግዳውን ይላል።»

«እንግዳ እኮ ክሩ ነው!»

ከዚያ የራሷን ቀሚስ ጫፍ ይዛ አሳየችኝ። ጨርቅ ከተቆረጠ በኋላ፣ የስፌት መኪናው ሳይሄድበት፣ ለልክ ሲባል በነጭ ክር ላላ አድርገው ይይዙታል። ያንን ክር ነው በሥራ ቤታቸው «እንግዳ» የሚሉት። ሊሰነብት አልመጣማ። ዋናው ስፌት ሲያልፍበት በዚያው ቀን መዘው ያወጡታል። «ክሩን ሰው አደረገና እኔን ሰው አባራሪ አደረገኝ» አለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ራሱ ከሩቅ የመጣ ሰው ነው፤ መርፌ አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት፤ አሁንም ጠዋት ጠዋት ደጃችን ላይ ቆሞ ጤናዋን ሳይጠይቅ አያልፍም። «ይኼን ቢያነብ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አለች። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ ወዲህ አንብቢልኝ አላለችም፤ የቀሩትን ቁልፎች ብቻዬን ለየሁ።

የጽሑፉ ርእስ ራሱ «እንግዳን ማስወጣት» ስለሆነ ጨነቀኝ። «እንግዳ» ስንት ቦታ እንዳለ ኮምፒውተሩን አስቆጠርኩት። ስልሳ ሦስት ቦታ ነው። አልተካሁም፤ ቆጠርኩ ብቻ።

መጽሔቱ ቢሮም ሄጄ ነበር። ዘበኛው «ማንን ፈልገሽ ነው?» ሲለኝ የምፈልገው ሰው ማን እንደሆነ ጠፋኝና ተመለስኩ።

ገጽ 11ን ምን ላድርገው?

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 13 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ምርቃቱ ካለፈው ደብዳቤ ይቀጥል።

እኔ ያዘዝኩሽ ቁልፍ እንድትለዪ ነው፤ ጥናቴን እንድትገመግሚ አይደለም። መጽሔቱ ሁለት ገምጋሚዎች አሉት። ሦስተኛና አራተኛ ገምጋሚ መስኮት ሥር ተቀምጠው ይጠብቁኛል ብዬ አላሰብኩም።

እማዬ አርጅታለች። ከስድስት ዓመት በፊት ስመጣ በካሴት ቀርጫታለሁ። ያለችውን ቃል በቃል በማስታወሻ ደብተሬ ጽፌ ይዣለሁ። ስለ ክር አንድም ቃል አልተነፈሰችም። አሁን ሰው ይቀየመኛል ብላ ፈርታ ቃሏን ብታጥፍ እኔ ምን ላድርግ? ገጽ 11 የቤቱ ምሰሶ ነው። ምሰሶ ነቅለሽ ጣራው ይቆማል ብለሽ ነው? ርእሱ፣ መደምደሚያው፣ ስልሳ ሦስቱም እንግዳ እዚያ ላይ ነው የተደገፈው። ቆጥረሽ መጻፍሽ ደግሞ ምን ይባላል? ነገር ነው ወይስ ሒሳብ?

ደግሞ ማንን ፈልገሽ ነው ሲሉሽ የሚጠፋሽ ለምንድን ነው? «የመጽሔቱን ጸሐፊ» በይ። ሁለት ቃል ናት።

አንዲት ፊደል አትጨምሪ። የመጽሔቱን መመሪያ ግን ፊደል በፊደል ተከተዪ። በዚህ ጊዜ መመሪያ ጎደለ ተብሎ ቢመለስ የምገባበት የለኝም።

እማዬ ተቀይማኛለች እንዴ? ተዪው፣ አትመልሺልኝ። ሥራሽን ጨርሺ።

አጎትሽ


ጥር 3 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። አትመልሺልኝ ስላሉ አልመልስም። ትናንት ግን ደብዳቤዎን ሳነብላት «ሳሚልኝ የሚል የለውም?» ብላ ጠየቀችኝ። አለው አልኳት። ዋሸሁ።

ካሴቱን አገኘሁት። ያን ጊዜ ሲሄዱ ትተውላት ነበርና በመርፌ ሣጥኗ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። የአሠሪዬን አሮጌ ቴፕ ተውሼ እሑድ ከሰዓት አብረን ሰማነው። እርስዎ እውነትዎን ነው። «እንግዳውን ሳይመሽ እናወጣዋለን» ትላለች፣ በገዛ ድምፅዋ። እዚያ ላይ እርስዎ «ቆይ እማዬ፣ ካሴቱ አልቋል፣ ልገልብጠው» ይላሉ። ከዚያ ቀጭ ይላል።

የካሴቱን ጀርባ ሰምተውት ያውቃሉ? እኔ ገልብጬ ሰማሁት።

«ምን ላይ ነበርኩ?» ትላለች። «አዎ፣ እንግዳው። ብዙ ከቆየ ጨርቁ ላይ ምልክት ይተዋል፤ በዚያው ቀን መምዘዝ ነው። ክር ሆኖ ነው እንጂ፣ ሰው ቢሆንማ እደር ብዬ እለምነው ነበር።» ትስቃለች። እርስዎ ግን አይስቁም። ሰዓትዎን እያዩ ነበር መሰለኝ። «እማዬ፣ መኪናው መጥቷል፣ ልሂድ» ይላሉ። «ገና እኮ አልመሸም» ትላለች። በር ይዘጋል። ማጥፊያውን ስላላወቀችው ካሴቱ እስኪያልቅ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ሃያ ደቂቃ ይሆናል። እሷ እስከ መጨረሻው ሰማችው። እኔም አብሬያት ሰማሁ።

ቢሮው ትናንት ጠዋት ገብቻለሁ። «የመጽሔቱን ጸሐፊ» አልኩና ዘበኛው አሳለፈኝ። ጸሐፊዋ ማስመሪያ አውጥታ ኅዳጉን ለካች። «ሁለት ከሦስት ነው፤ ሁለት ተኩል ነው ያልነው» ብላ መለሰችብኝ። ለሁለት ሚሊ ሜትር። ልከራከር አፌን ከፈትኩና «እሺ» ብዬ ወጣሁ። መመሪያውን ግን ሙሉውን ሰጥታኛለች፣ አራት ገጽ ነው። እርስዎ የላኩልኝ ሁለቱን ብቻ ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ ቁጥር 14 እንዲህ ይላል፦ «ከቃል የተሰበሰበ ንግግር በማስረጃነት ሲጠቀስ፣ የንግግሩ ሙሉ ቃል በአባሪነት ይያያዝ።»

አጎቴ፣ ሙሉ ቃሉ የካሴቱ ጀርባ ላይ ነው። ምን ላድርግ? መልስዎን እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ጥር 11 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ነሽ ወይ? ከታኅሣሥ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋ። ፖስታ ቤቱ ነው ወይስ ኩርፊያ? በየማለዳው የፖስታ ሣጥኔን እከፍታለሁ፤ የማገኘው የመብራት ደረሰኝ ነው። እዚህ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ባገኘኝ ቁጥር «ጽሑፉ ገባ?» ይለኛል። «እየገባ ነው» እላለሁ። ሦስት ወር ሙሉ የሚገባ ነገር አይቶ ስለማያውቅ መሳቅ ጀምሯል።

አስገቢው። ገጽ 11 እንዳለ ይሁን። በመመሪያው የተጻፈውን በሙሉ አሟልተሽ፣ ጥር 30 ሳያልፍ። ክርክር አልፈልግም።

ለእማዬ ሥራዬ ሲስተካከል እንደምመጣ ንገሪያት። በዚህ ጊዜ ሰንበትበት እላለሁ።

ሳሚልኝ።

አጎትሽ


ጥር 29 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የጥር 11 ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ቀኑን ሳየው፣ ስለ ካሴቱ የጻፍኩልዎ ሳይደርስዎ የጻፉት ነው። ሁለቱ ደብዳቤዎች መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ስለዚህ ትናንትና በሱቁ ስልክ ደወልኩልዎ። አንድ ሰውዬ በማላውቀው ቋንቋ ብዙ ነገር አለኝ። «እሺ» ብዬ ዘጋሁት።

«ሳሚልኝ» የሚለውን አነበብኩላት፤ በዚህ ጊዜ እውነት ስለሆነ ሁለቴ አነበብኩላት። «ሰንበትበት እላለሁ» የሚለውንም። «ይበል፣ መልካም ነው» አለች። ስለ ውልዎ አልነገርኳትም።

እኔ ግን ስለ ውልዎ ሳስብ ሰነበትኩ። ጽሑፉ ቢመለስ በእኔ የተነሣ ነው። ካልታደሰ ይመጣሉ ማለት ነው ብዬም አሰብኩ። እንዲህ ማሰብ ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ካሰብኩት በኋላ ግን ልደብቅዎ አልፈለግሁም። ገጽ 11ን ቀይሬ ማስገባትም አስቤ ነበር። ጽሑፉ የእርስዎ ስለሆነ እጄ እምቢ አለኝ። እንዳለ ማስገባትም አስቤ ነበር። ቃሉ ደግሞ የእሷ ነው። ሳላስገባ ብቀር ጥር 30 ያልፋል፤ ያ ደግሞ የእኔ ፍርሃት ነው።

ስለዚህ ያዘዙኝን አደረግሁ። ገጽ 11 እንዳለ ነው፣ ርእሱም እንዳለ ነው፣ ስልሳ ሦስቱ እንግዶች ሁሉ በየቦታቸው አሉ። ኅዳጉ ሁለት ተኩል ነው፤ ማስመሪያ ገዝቼ ለካሁት። መመሪያውን ፊደል በፊደል ተከተዪ ስላሉኝም በቁጥር 14 መሠረት አባሪ አያያዝኩ። የካሴቱን ፊትና ጀርባ ነው፤ «እደር ብዬ እለምነው ነበር» እስከሚለው ድረስ። «እማዬ» የምትለዋን ቃልና «መኪናው መጥቷል» ከሚሉበት ጀምሮ ያለውን አልጻፍኩም። ማንነትዎን ይገልጣል፤ ደግሞም የእርስዎና የእሷ ነው።

አባሪው ርእስ ያስፈልገው ነበር። ብዙ አሰብኩ፤ የተማረ ሰው የሚለውን አላውቅም። በመጨረሻ ጥቅምት ላይ ያናደድኩዎትን ስሕተቴን፣ «መረጃ ሰጪ አንድ ቃላት» ያልኩትን አስታወስኩና ከፊቱ አንድ ፊደል ጨመርኩበት። «የመረጃ ሰጪ አንድ ቃላት» ሆነ። አንዲት ፊደል አትጨምሪ ብለውኝ ነበር። የጨመርኳት «የ»ን ብቻ ነው።

ለአያቴ ሳነብላት «ይቺ እኔ ነኝ» አለች።

ነገ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት እገባለሁ። ሦስቱን ቅጂ ለጸሐፊዋ ከሰጠኋት በኋላ «ገምጋሚዎቹ ገጽ 11ን ከአባሪው ጋር አብረው ያንብቡት» እላታለሁ። ዛሬ አያቴ ፊት ቆሜ ሦስት ጊዜ ተለማመድኩት። በሦስተኛው «ደህና ነው፣ ግን አልተሰማም፤ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» አለችኝ።

ነገ ከፍ አደርገዋለሁ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ